የጦር ጉዳተኞች ዋርድ ተመድቤያለሁ፤ ታካሚዬ ማንኪያ አልይዝም አለኝ

ጦሳ_ሥር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ከጎንደር ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ፤ ጉዳት የደረሰበት ሰው መብላት፣ መልበስን የመሰለ የዕለት ሥራውን መልሶ እንዲሠራ ነው የማለማምደው። ወሎ ውስጥ አንድ ሆስፒታል እሠራለሁ፤ ባለፈው ሳምንት የጦር ጉዳተኞች ወደተኙበት ዋርድ አዛወሩኝ። በሙያው ግቢው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትምህርቱን እስኪከፍት ድረስ ሀገር ውስጥ የሚሰጥበት ቦታ አልነበረም። ስለዚህ "አንጋፋ" የሚባል ሰው ፈልጎ መጠየቅ ከባድ ነው።

የገባሁ ቀን ዋና ነርሷ "እሷ የሥራ ቴራፒስት ናት" ብላ አስተዋወቀችኝ። ከምሳ ስመለስ በሬ ላይ ሦስት ሰው ተሰልፏል። አንዱ በክራንች፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ። ሌላው መንጃ ፈቃዱን ይዞ። "እህቴ፣ ጥበቃም ቢሆን አልመርጥም" አለኝ። ሥራ አስቀጣሪ መስያቸው! አሁን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፣ ያን ቀን ግን አልሳቅኩም። ሰው ወረቀቱን ዘርግቶልሽ "አይ፣ እኔ የማለማምደው ሱሪ አለባበስ ነው" ማለትን እስቲ ሞክሩት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ ታካሚ አለኝ፤ ዕድሜው ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከመዝመቱ በፊት ገበሬ ነበር። ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ ተቆርጧል። ቁስሉ ደርቋል፣ ትከሻው ይንቀሳቀሳል፣ ግራ እጁ ጤነኛ ነው። በተማርኩት ከሄድኩ ቀላል ጉዳይ ነው። የቀኝ እጁን ሥራ ግራው እንዲለምድ ማድረግ ነው፤ ከማንኪያ ተጀምሮ ወደ ሸሚዝ ቁልፍ፣ ወደ ጫማ ክር ይኬዳል። እሱ ግን ማንኪያ ስሰጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እናቱ ናቸው የሚያጎርሱት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው "አንቺ ልጅ፣ ይቅርብሽ" አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ካርዱ ላይ "አይተባበርም" ብዬ ጻፍኩ። ቤት ስገባ ያ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?


ቦርከና
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:55

እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ፊዝዮቴራፒስት ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ። አንቺን ሥራ አስቀጣሪ አሉሽ፣ እኔን እስካሁን "ማሳጁ" ነው የሚሉኝ። ትለምጂዋለሽ።

ስለ እጁ ሌሎች ይንገሩሽ። ስለ እግር ግን ነገ ጠዋት አንድ ነገር እዪ። ከጉልበት በታች የተቆረጡትን ሁሉ ዙሪያቸውን ቃኚ። ጉልበታቸው ሥር ትራስ ካለ አውጪው። አስታማሚ ከርኅራኄ ነው የሚያስገባው፣ "ትንሽ ከፍ ይበልለት" ብሎ። ጉልበት ታጥፎ ሳምንታት ከቆየ ግን ጅማቱ ያጥራል፤ በኋላ ዘርጋ ብትዪው አይዘረጋም። ባልተዘረጋ ጉልበት ላይ ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር መግጠም መከራ ነው። እኔ ትራስ ስቀማ "ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!" ያላለችኝ እናት የለችም። አንዷማ ዞር ስል ጋቢዋን ጠቅልላ መልሳ አስገባችው።

ፋሻውንም እዪ። የተቆረጠውን ጫፍ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ነው የሚያስሩት፤ ከጫፉ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያለ። እንደ ጥምጥም ዙሪያውን ብቻ ከጠመጠሙት ደም ያግዳል፣ ጫፉም ያብጣል።


ዝም_ብሎ_አንባቢ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

የየትኛው ወገን ወታደሮች ናቸው ግን?


ጦሳ_ሥር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:06

ካርዱ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ወረዳ፣ ቀበሌ የሚሞላበት ቦታ አለ። አንተ ያልከው የሚሞላበት ቦታ የለም።


አወያይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ከዚህ በታች በዚሁ ጉዳይ የተጻፉ ዘጠኝ መልሶች ተነስተዋል። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ማንኪያ ነው።


የሸዋበሯ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:30

ባለሙያ አይደለሁም፣ የጉዳተኛ ሚስት ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ ሙስሊም ነው? ከሆነ እኮ በግራ እጁ ብላ እያልሽው ነው! ግራ እጅ የምን እጅ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ "ቢስሚላህ በል፣ በቀኝህ ብላ" እየተባለ ነው ያደገው። ክርስቲያንም ቢሆን በግራ እጁ የሚያጎርስሽ ሰው አለ? ዋርዱ ውስጥ ስንት ሰው እያየው? እኔም ብሆን ፊቴን አዞር ነበር።

የኔ ባል ጭንቅላቱን ነው የተመታው። ከውጭ ሲያዩት ምንም የለበትም። ሰው "ደህና ነው እኮ፣ ምን ሆነ?" ይለኛል። ውስጡ ነው። ጦሩ ውስጥ አብሳይ ነበር፤ ለስንት ሰው ወጥ የሚሠራ ሰው፣ ቤት ሲመጣ ቡና ማፍላት ጠፋበት። ይቆላል፣ ይቆላና ሳይወቅጠው ጀበና ውስጥ ሊከት ይላል። ወይ ጀበናውን ጥዶ ይሄዳል። አንድ ቀን ዱቄቱን ከነሙቀጫው ይዞ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። "ለምን እንደወጣሁ ጠፋኝ" አለኝ።

አንድ ባለሙያ ናት ያገዘችን። ክኒን አልሰጠችንም። ረከቦቱ አጠገብ ሁሉንም ነገር በቅደም ተከተል ደረደረችው፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ብረት ምጣድ፣ ሙቀጫ፣ ጀበና፣ ስኒ። የተጠቀመበትን ወዲያ ይገፋዋል። አጠገቡ የቀረው ገና ያልሠራው ነው ማለት ነው። በቃ፣ ይኼው ነው። አቦሉን ብቻ ለማድረስ ሁለት ወር ፈጀበት። አሁን በረካ ድረስ ያፈላል፤ እኔም ቁጭ ብዬ እጠጣለሁ፣ ጎረቤት እስኪቀናብኝ።

ትሪ ሲወድቅ ግን አሁንም መሬት ላይ ነው የማገኘው። ሰርግ ላይ ተኩስ ካለ አንሄድም።


ጦሳ_ሥር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:15

እህቴ፣ ያንቺን መልስ አንብቤ ዋርዱ ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀረሁ። አዎ ሙስሊም ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ፣ ግማሽ ዘመዴ ሙስሊም ሆኖ፣ ከአክስቴ ጋር ስንት ዓመት ከአንድ ትሪ በልቼ፣ ይኼ አልታየኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ? በተማርኩበት ላይ "ያልተጎዳው እጅ" እና "የተጎዳው እጅ" ነው የሚለው። ቀኝና ግራ አይልም።

"አይተባበርም" የሚለውን ሰርዤዋለሁ። ፈርሜበት።


ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:40

ልጄ፣ እኔ እግሬን ያጣሁት በ1982 ነው፣ እዚሁ ወሎ። ቦርድ ወጣሁ። በዓመቱ መንግሥት ተለወጠ፣ ሠራዊቱም ተበተነ፤ እኔ ተበትኜ ነበር ቀድሜ።

ተኝቼ ሳለሁ አንዲት ደግ ሴት ስፌት ልታስተምረኝ መጣች። አክርማና አለላ ይዛ። "እጅህ ሥራ አይፍታ" አለችኝ። የሻለቃ መድፈኛ ነበርኩ እኮ! እናቴ መሶብ ስትሰፋ እንኳ ዞሬ አይቼ አላውቅም። አክርማውን ወረወርኩት። አሁን ሳስበው ሴትዮዋን ሳይሆን ጥያቄውን ነው የወረወርኩት። ምን መሥራት ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ለቅዳሴ መቆም እላለሁ።

እሱንም በኋላ ለብቻዬ ነው የታገልኩት። ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመልኝ፣ በጫማ ስሄድ ሸጋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ወደ ኋላ ሊጥለኝ ይላል። ሰው ሰክሮ መጣ እንዳይል እፈራለሁ። ሁለት ዓመት ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ግድግዳ ተደግፌ መቆም ለመድኩ።


ፖሊፕሮ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:25

ጋሼ፣ ምክንያቱን እኔ ልንገርዎ። እግር ሠሪ ነኝ (ስሜ ከፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ቀይ መስቀል ካስፋፋው እኛም ከምንሠራበት ፕላስቲክ)። እግሩ ሲገጠም ሚዛኑ የሚስተካከለው በጫማዎ ተረከዝ ቁመት ነው። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ዝቅ ይላል፤ መዳፉ እንደ ሰው ቁርጭምጭሚት ራሱን አያስተካክልም፤ ስለዚህ መላ እግሩ ወደ ኋላ ያጋድላል። የሰከረው እግሩ ነው፣ እርስዎ አይደሉም።

መፍትሔው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የጫማውን ተረከዝ ያህል ከፍታ ያለው ሽብልቅ፣ ከጠንካራ ስፖንጅ ወይም ከቡሽ ተቆርጦ፣ ከሰው ሠራሹ እግር ተረከዝ ሥር ካልሲ ውስጥ ይገባል። ጫማ አይደለም፣ ማንም ምንም አይልዎትም። ለመስጊድም ያው ነው። ለሶላት ግን መቆም ብቻ ሳይሆን ሱጁድም አለ፣ ጉልበት መታጠፍ አለበት፤ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚሻለው። ውዱእ ሲያደርግ ውኃው የተቆረጠው ጫፍ ወደሚገባበት ማቀፊያ ገብቶ ቆዳው እንዳይረጥብ ንገሪያቸው፤ እርጥብ ቆዳ ይላጣል።

ጋሼ፣ ደሴ ያለውን የአካል ተሃድሶ ማዕከል ያውቁታል መቼም። ጎራ ይበሉ።


ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:31

ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ለቡሽ ነው?


ሐይቅ_ዳር
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 8:50

ሰዓቱን አትዩብኝ፣ እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። የሐይቅ ልጅ ነኝ። እዚህ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሆኜ እሠራለሁ።

እዚህ ያለውን ብነግርሽ ትቀኛለሽ፣ ግን ልንገርሽ። ለቀድሞ ወታደሮች ብቻ በመላ ሀገሪቱ 170 ያህል ሆስፒታሎች አሉ። የኔ ክፍል ውስጥ ሙሉ ወጥ ቤት አለ፤ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሁሉ። ታካሚው እንቁላል ሲጠብስ ቆሜ አያለሁ፣ ያ ነው ምርመራዬ። የሸዋበሯ የጻፈችው የቡና ነገር በትክክል እሱ ነው። መቁላት፣ መውቀጥ፣ መጣድ፣ መቅዳት፤ ቅደም ተከተል አለው፣ እሳት አለበት፣ ሰው ይጠብቅሻል። ከኔ እንቁላል ይበልጣል። ጀበና ግዢ። በሆስፒታሉ በጀት ካልሆነ በራስሽ።

ጋሽ ጡረተኛው ስለ ስፌት ያነሱት አሳቀኝ። ሙያችን እዚህም "ቅርጫት አሠሪዎች" እየተባለ ሲቀለድበት ኖሯል። የሙያችን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲቋቋም አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ልትገባ ጥቂት ሳምንታት ነበር የቀሯት። ከገባች በኋላ ሴቶች ሠልጥነው ቁስለኞች ዘንድ ተላኩ። እንጨት ሥራ፣ ሽመና፣ ቅርጫት እያሠሩ እጅና አእምሮ ያነቃቁ ነበር። ቅርጫቱ ለዚያ ሰው ትርጉም ካለው ይሠራል፣ ከሌለው አለላ መወርወር ነው።

አሁን ስለ ልጁ። ማታ ማታ የሌለው እጁ ያመኛል ይልሻል? ጣቶቼ ተጨብጠው አልፈታም አሉ የሚሉ አሉ። እውነተኛ ሕመም ነው፣ አእምሮ እጁ መቆረጡን አልተቀበለም። መስታወት ሞክሪ። ደረቱ ፊት ለፊት፣ መሐል ላይ ታቆሚዋለሽ፤ ጤነኛው እጅ የመስታወቱ ፊት ጋ፣ የተቆረጠው ከጀርባ። ወደ መስታወቱ ሲያይ ሁለት እጅ ያለው ይመስለዋል። ከዚያ ጤነኛውን ቀስ ብሎ ጨብጥ፣ ዘርጋ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ዋልተር ሪድ በሚባለው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል እግራቸውን ባጡ 22 ሰዎች ላይ የተሠራ። መስታወት ያዩት ሕመማቸው ቀነሰ፤ መስታወቱ ከተሸፈነባቸው መሐል ግን የባሰባቸውም ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ለሁሉም ሰው አይሠራም። መስታወት ግን ፒያሳ አይጠፋም።

የመጀመሪያ ታካሚዬን ምን ላድርግልህ ስለው "ሚስቴ ሳታውቅ ቢራ መክፈት" ነበር ያለኝ። በአንድ እጅ። ከዚያ ጀመርን።


ሚሊ_ነርስ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:00

ስለ እንቅልፍሽ ማንም አልመለሰልሽም። ከዱቲ ስትወጪ በእግርሽ ሂጂ፣ ታክሲ አትያዢ። እኔ ዩኒፎርሜን ቤት ይዤ መግባት ካቆምኩ በኋላ ነው መተኛት የጀመርኩት። ሌላ ዘዴ የለኝም።

ዊልቸር ላይ ያሉትን ደግሞ አደራ። አከርካሪያቸው የተጎዳው ከወገባቸው በታች ስለማይሰማቸው መቀመጫቸው ሲቆስል አያውቁም። በየግማሽ ሰዓቱ በእጃቸው ተደግፈው ብድግ ይበሉ፣ ወይም ወደ ጎን ያጋድሉ። ስልካቸው ላይ ማንቂያ ሙዪላቸው። ቁስሉ ሁለት ቀን አይፈጅም ለመውጣት፣ ለመዳን ወራት ነው።


ጦሳ_ሥር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:00

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ማንኪያውን ቤት ትቼ ሄድኩ። አጠገቡ ተቀምጬ "ከዚህ ስትወጣ መጀመሪያ ምን ማድረግ ትፈልጋለህ?" አልኩት። ብዙ ቆየ። "ማረስ" አለኝ። እናቱ አንገታቸውን ደፉ።

መብላቱንም እሳቸው ናቸው የፈቱት። መስጊዳቸው ያሉትን ሼህ አስጠሩ። ሼሁ ገብተው አልጋው ጫፍ ተቀመጡ፤ "ቀኝ ለሌለው ሰው ግራው ቀኙ ነው፣ አላህ ያላስቻለህን አይጠይቅህም" አሉትና እንጀራውን በግራ እጃቸው ቆርሰው አጎረሱት። በራሳቸው ግራ እጅ! ዋርዱ ጸጥ አለ። ማታ ብቻውን በላ፣ ወጡ ደረቱ ላይ ሁሉ እየፈሰሰ። እናቱ "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ፣ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው።

ማረስ ግን ምን ላድርግ? እናንተ ውስጥ ያረሰ አለ?


ጡረተኛው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:20

እንዴ! አራሽ እኮ ድሮም እርፉን የሚይዘው ባንድ እጁ ነው። ሌላው የጅራፍ ነው። ግራው እርፍ ከያዘ የጎደለው ጅራፉ ብቻ ነው። በሬ ደግሞ በቃልም ይሄዳል፣ በስሙ ከጠሩት።


ጦሳ_ሥር
ከሦስት ወር በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10:30

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ክሩን የምትከታተሉ ካላችሁ።

ማረስ ጀመርን። ግቢ ውስጥ። ጥበቃው ከቤቱ ሞፈርና እርፍ አመጣልን፣ ማረሻው ወልቆ። ከላውንድሪ ጀርባ ያለው መሬት ለስላሳ ነው። በሬ ከየት ይምጣ? እግራቸው ደህና የሆነ ሁለት ታካሚዎች ገመዱን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። አንዱ ዓይኑን ነው የተጎዳው፣ አንዱ መንጋጋውን። አንዱን ቦራ፣ አንዱን ወይኖ አሏቸው። ቦራ ወደ ጓሮ ይጎትታል፣ ወይኖ ሲጋራ ላጭስ ብሎ ይቆማል። "ና ቦራ! ዞር በል ወይኖ!" ሲል መስኮቱ ሁሉ በሰው ተሞላ። ሜዲካል ዳይሬክተሩም ወጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ "ትልሙ ጠመመ" ብለውት ገቡ።

ከሳቁ በስተጀርባ ሥራ ነበር። እርፉን ወደ ታች ሲጫን ሰውነቱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ምክንያቱም ቀኙ ቀሏል። ወገቡን ያመዋል። እግሩን አስፍቶ እንዲቆም፣ በትከሻው ሳይሆን በሰውነቱ ክብደት እንዲጫን አለማመድኩት። ቦርከና በስልክ አግዞኛል። እርፉ ላይ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ጠምጥመንበታል፣ እንዳያንሸራትተው።

አስማት እንዳይመስላችሁ። መስታወቱ ለሱ ሠራለት፣ ለሌላው ግን የባሰ አስጨነቀውና ተውነው። ሥራ ፍለጋ የተሰለፉት ሦስቱም እስካሁን ሥራ የላቸውም። ባለ መንጃ ፈቃዱ ሳየው አሁንም "አስቀጣሪዋ" ይለኛል፣ መቀለዱ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ልጁ ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። ትናንት ደወለ። ሁለቱን በሬዎች ይዞ እርሻው ድረስ ሄዷል፤ መጥመድ ግን አልቻለም። ማነቆውን ከአንገታቸው ሥር ለማሰር አንድ እጅ ይይዛል፣ አንድ እጅ ያስራል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረውን ምራን ለማጥበቅም እንደዚያው። ታናሽ ወንድሙ ነው የሚጠምድለት፣ ወንድሙ ትምህርት ቤት ሲሆን እርሻው ይቆማል። እኔ ስለ እርፉ ብቻ ነበር ያሰብኩት። በአንድ እጅ መጥመድ የሚያውቅ አለ?


ፖሊፕሮ
እሑድ፣ ከቀኑ 11:05

የማነቆውን ማሰሪያ በመቆለፊያ መቀየር ይቻላል፣ የኮርቻ ዘለበት ዓይነት። አንዱ ጫፍ ቀንበሩ ላይ በሚስማር ይመታ፣ ሌላው በመንጠቆ ይያዝ። ግን ቀንበሩን ሳላይ ልኩን አልነግርሽም።


ጡረተኛው
እሑድ፣ ከቀኑ 11:40

ሰኞ ገበያ አንድ አናጢ አውቃለሁ፣ ቀንበር የሚሠራ። ልጁ ቀንበሩን ይዞ ይምጣ፣ የመኪናውን እኔ እችላለሁ። ፖሊፕሮ፣ አንተም ና። ቡሹ ሠርቷል፤ አሁን ቅዳሴ ውስጥ ነው የምቆመው።